ማንም ያልወደቀበት ዋርድ

ልደታ በሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል ወይዘሮ ወለተሥላሴ አልጋቸው ላይ ሞተው የተገኙት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። አንሶላቸው ጥጎቹ በወጉ ታጥፈው ተወጥሮ ተነጥፏል፤ ከጆሯቸው ኋላ ግን የበለዘ እብጠት አለ። መርማሪ ኮከቤ ጎንበስ ብላ አየችው። ማዘን እንዳለባት ታውቃለች፤ አላዘነችም። ስንት ሬሳ ያየ ልቧ ከደነዘዘ ቆይቷል።

«ወድቀው ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሷል» አሉ ዶክተር ሰላሁን። «ንጋት ላይ ይመስለኛል። በጊዜ ቢነገረኝ ይተርፉ ነበር።»

«ታዲያ ማን አንስቶ አስተኛቸው?»

ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰሌዳ «ታካሚ ሳይወድቅ፦ 99 ቀን» ይላል። ነገ መቶ ሲሞላ ሆስፒታሉ በላቀ የነርሲንግ አገልግሎት ዕውቅና ያገኛል፤ ገምጋሚዎቹ ገና ከአሁኑ አዳራሽ ገብተዋል።

ንጋት ላይ ዋርዱ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንድ ነርስ፣ አንድ የጽዳት ሠራተኛና የነርሶቹ ኃላፊ። ጣት የተቀሰረው ግን ተረኛዋ ነርስ ጊፍቲ ላይ ነው፤ የሥራ ፈቃዷን መነጠቅ ብቻ ሳይሆን እስርም ይጠብቃታል።

«መድኃኒት እያደልኩ ነበር» አለች መሬት መሬት እያየች። «ሁለት ሰዓት ላይ ተኝተው ስላየኋቸው አልቀሰቀስኳቸውም።»

የጽዳት ሠራተኛዋ ዙሃራ ግን ቱግ አለች። «እኔ ወለል ወለወልኩ እንጂ ታካሚ አልነካሁም!»

ኮከቤ ሌሎቹን ክፍሎች ዞረች። የትራስ ልብሶቹ አፍ እንደመጣለት ነው፤ አንዱ ወደ በር፣ አንዱ ወደ ግድግዳ። የሟቿ ትራስ አፍ ግን ከበሩ ዞሯል።

አስከሬኑ ከወጣ በኋላ ሁሉንም የሟቿ ክፍል ውስጥ ሰበሰበችና ከአልጋቸው አጠገብ ያለውን ባዶ አልጋ አሳየቻቸው። «አንጥፉልኝ።»

ዙሃራ አንሶላውን ጣል አደረገችው። ጊፍቲ ጥጎቹን በወጉ አጥፋ ፍራሹ ሥር ከተተች፤ የትራሱ አፍ ግን ወደ በሩ ነበር።

«እንግዶች እየጠበቁኝ ለዚህ ነው የጠራሽኝ?» አሉ የነርሶቹ ኃላፊ ሲስተር ሩሃማ። ይህን እያሉ እጃቸው የትራሱን አፍ ከበሩ አዞረው።

«የወደቀ ሰው የተኛበትን አንሶላ ራሱ ፍራሽ ሥር አይከትም» አለች ኮከቤ። «ያነሳቸው ሰው ነው ያነጠፈው። ዙሃራ ጥግ ማጠፍ አትችልም። ጊፍቲ ትችላለች፤ የትራሱን አፍ ግን ልብ አትልም። ‹የትራስ አፍ ከበር ይዙር› የሚለው የድሮ የነርስ ትምህርት የቀረው እርስዎ እጅ ላይ ነው፣ ሲስተር። ዛሬ ደግሞ ለግምገማው ብለው ማልደው ገብተዋል።»

ሩሃማ እጃቸውን አዩት። «ሳነሳቸው ‹ደህና ነኝ ልጄ› አሉኝ። ማመን ፈለግኩ። አንድ ቀን ነበር የቀረን።»

«እርስዎስ ለጊፍቲ ምን አሏት?» አለች ኮከቤ።

«‹ይተኙ፣ አትቀስቅሻቸው› አሉኝ» አለች ጊፍቲ ቀድማ።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።»

«በይ፣ ነጻ ነሽ። ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ጊፍቲ አልተንቀሳቀሰችም። «ሁለት ሰዓት ላይ ብቀሰቅሳቸው ኖሮስ?» ብላ ጠየቀች።

ኮከቤ ወደ ዶክተሩ ዞረች። ዶክተር ሰላሁን መሬት መሬት ያዩ ነበር።