የተዘለለው ኮምፒውተር

ጡረተኛው ልብስ ሰፊ በሆስፒታሉ የልብ ክፍል አልጋ ላይ አንሶላ ተሸፍነው ተኝተዋል። በሩ አጠገብ ነርሷ እጇ በካቴና ታስሮ ቆማለች። የሽማግሌው ልብ ሲደክም የነርሶች ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒውተር መጮህ ነበረበት፤ አልጮኸም። ፖሊሶች ሲሞክሩት ግን ድምፁ ደህና ነው።

«እንቅልፍ ጥሏት ይሆናል» አለ አንዱ ፖሊስ።

«የምን እንቅልፍ! ድምፁን አጥፍታው ነበር፤ ሰውየው ሲሞቱ መልሳ ከፈተችው» አለ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ። ሬሳ ፊት ቆሞ ኦቾሎኒ ይቆረጥማል፣ ልጣጩን እፍ ይላል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «አፍንጫ» ይሏታል፤ የከረፋ ነገር ቀድሞ የሚሸታት እሷን ነው። ልጣጩ ጫማዋ ላይ ሲያርፍ ፊቷን አጨማደደች።

«ሲስተር፣ የት ነበርሽ?»

«ጎን ካለው ክፍል መድኃኒት እየሰጠሁ። ጆሮዬ ግን እዚህ ነበር፣ እግዜር ያውቃል!»

«ምን ሰማሽ ታዲያ?»

«ኳስ! ከማዶ፣ ከኃላፊው ቢሮ። ጎል ሲገባ ኮምፒውተራቸውም እሳቸውም ጮኹ። ሌላ ምንም አልሰማሁም።»

መርማሪዋ ወደ መዝገብ ቤት ወረደች። የሟቹ ልጅ የምትሠራው እዚያ ነው። መርዶውን ሰምታ ስትሮጥ እግሯ የኮምፒውተሯን ገመዶች ጠልፎ ነቅሏቸዋል፤ አሁንም መሬት ላይ ተዘርግተዋል። መርማሪዋ ቁጢጥ ብላ አየቻቸውና ማንም እንዳይነካቸው አዘዘች። ከዚያ ሁሉም «ጥቅል ሠሪው» የሚሉትን ባለሙያ አስጠራች።

«ጥቅልህ ምንድን ነው?»

«ፕሮግራም ነዋ! ምን እንደሚሠራ፣ የትኞቹ ኮምፒውተሮች ላይ እንደሚጫን፣ የትኞቹን እንደሚዘል እወስንለታለሁ። ከዚያ አንዴ ቁልፉን ስጫን በመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ይዳረሳል። መጀመሪያ ግን የራሴ ላይ ሳልሞክር አልልክም።»

«ዛሬ ልከሃል?»

«ኧረ እኔ አልላክሁም።»

«ካንተ ሌላ ማን ይችላል?»

አንገቱን ደፋ። «አለቃዬ።»

«ኮምፒውተርህ ዛሬ ደህና ነበር?»

«ጠዋት ድምፁ ጠፋብኝ። የጆሮ ማዳመጫዬ የተበላሸ መስሎኝ ቀየርኩት። ኋላ በራሱ ጊዜ መጣ።»

ሁሉንም መዝገብ ቤት ሰበሰበቻቸው። የኤሌክትሪኩን ገመድ ብቻ ሰካችና የኔትወርኩን መሬት ላይ ተወችው። ኮምፒውተሩ ተከፈተ፤ የድምፁ ምልክት ላይ መስመር ተሰምሮበታል።

«እህቴ፣ ድምፁን አንቺ ነሽ ያጠፋሽው?»

ልጅቷ ዓይኗን ጠረገች። «ዘፈን እየሰማሁበት ድንገት ዝም አለ።»

«ሌላው ሁሉ ድምፁ ተመልሷል፤ ይህ ግን ተነቅሎ ስለነበር መመለሻው አልደረሰውም። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ጥቅል ተልኳል። አንዱ ድምፅ አጠፋ፣ ሁለተኛው ሰው ከሞተ በኋላ ጥፋቱን ሸፈነ። ሲስተር ጥቅል መላክ አትችልም። የሚችሉት ሁለት ሰዎች ናቸው። ጥቅል ሠሪው የራሱም ጠፍቶበታል። ሕንፃው በሙሉ ዝም ሲል ግን አንድ ኮምፒውተር ኳስ ያስተላልፍ ነበር። ራሱን የዘለለ ማነው?» ወደ ኃላፊው ዞረች። «ደግሞ ፖሊሱ እንቅልፍ ነው ሲል፣ ድምፁ ጠፍቶ እንደተመለሰ እርስዎ በምን አወቁ?»

የኃላፊው መንጋጋ ቆመ። «ሠራተኛው በዘፈን ቢሮውን አንጫጫው! ጸጥታ ፈልጌ ‹ሁሉም› የሚለውን መረጥሁ። የልብ ክፍሉ እዚያ ውስጥ መኖሩን ማን አሰበው?»

«ለልብ ክፍሉ ማሽኖች የተለየ ምድብ እናውጣ ብዬ ለምኜዎት ነበር!» አለ ጥቅል ሠሪው። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ!»

«አለማሰቡስ ይሁን» አለች መርማሪዋ። «ሰው መሞቱን ሲያውቁ ግን መጀመሪያ የሮጡት ጥፋትዎን ሊሸፍኑ ነው። ከዚያ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ይህቺን ምስኪን እስር ቤት ሊሰዱ።»

ካቴናውን ከነርሷ እጅ አውልቃ በኦቾሎኒ ጨው በተለወሰው የኃላፊው እጅ ላይ ቆለፈችው። ነርሷ መሬት ላይ ዘጭ ብላ አለቀሰች።

የሟቹ ልጅ ቀስ ብላ ወደ ኃላፊው ቀረበች። ሁልጊዜ «እርስዎ» ነበር የምትለው።

«አባቴ የሞተው አንተ ኳስህን በጸጥታ እንድትሰማ ነው?»

አፉ ውስጥ የቀረውን ኦቾሎኒ ማላመጥም መዋጥም አቃተው።