ጉማራ አፍ ላይ «ደርሻለሁ» ያለው ሰው

ኑ እስቲ፣ ጠጋ በሉ። እግራችሁን ዘርጉና አድምጡኝ። የምነግራችሁ ስለ ጀግና አይደለም፤ ስላፈረ ሰው ነው። ያፈረ ሰው ታሪክ ደግሞ ቀስ ተብሎ ነው የሚሰማ።

ሕዝቅኤል ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚጠግን፣ እጁ የተባረከ ጎልማሳ ነበር። የሐይቁ ባለሙያ አገርነሽ ከከተማው እስከ ጉማራ ወንዝ አፍ ድረስ ጉማሬ ልትቆጥር ተነሣች፤ አሥጋሪዎች አውሬው የት የት እንደሚውል ዐውቀው እንዲጠነቀቁ። ሐይቁ ዳር ባለው ደንገል ውስጥ ስልክ አይሠራም። ስለዚህ ሕዝቅኤል ሦስት የእጅ መገናኛ ሬዲዮ ይዞ አብሯት ወጣ።

ጎሕ ሲቀድ ውኃ ላይ ነበሩ። አገርነሽና ሽማግሌው ቀዛፊ ጋሽ ገድሉ በአንድ ታንኳ፣ ሕዝቅኤል ብቻውን በሌላ። የወረታው ነጋዴ ልጅ ሰላህ ደግሞ የሞተር ጀልባውን ይዞ በሩቁ ይከተላል፤ የሞተር ድምፅ ጉማሬ ያስቆጣልና።

«ቁልፉን ተጫኑ፣ ተናገሩ፣ ልቀቁ፣ አድምጡ» ብሏቸው ነበር ሕዝቅኤል። «ሲበቃችሁ ‹ጨረስሁ› በሉ።»

ብዙም ሳይቆይ የሰላህ ድምፅ መጣ። «ሕዝቅኤል፣ ያ የምትቀዝፈው ታንኳ ነው ወይስ ድርቆሽ? ጨረስሁ።»

«ጉማራ ቀድሜህ ታገኘኛለህ! ጨረስሁ።»

«ምኑን ጨረስህ፣ ምሳህን?»

ጋሽ ገድሉ እስኪያስላቸው ሳቁ። ሕዝቅኤልም ሳቀ፤ ግን ውስጡ ቆጠቆጠው። በሬዲዮ የተነገረ ቀልድ ሁሉም ጆሮ ይገባል። ነገሩ የተጀመረ እዚያ ላይ ነው።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ሐይቁ ጠቆረ፣ ሞገዱ ታንኳውን እያነሣ ይጥለው ጀመር። ሕዝቅኤል ቀዘፈ፣ ታገለ፣ አቅጣጫው ጠፋው። ዐይኑን ካበሰ በኋላ ሲያይ እምቦጭ ውጦታል፤ ከፊትም ከኋላም አረንጓዴ ምንጣፍ ነው። መቅዘፊያው ሥሩ ውስጥ ተሰንቅሮ አልወጣም አለ። በቢላ ቆረጠ፣ በእጁ በጠሰ፣ ጣቶቹ ደሙ።

ያኔ ሬዲዮው በአገርነሽ ድምፅ ጮኸ። «ሕዝቅኤል! ጉማሬ ገለበጠን! ጋሽ ገድሉን ታፋቸውን ነክሷቸዋል። ወንዙ አፍ ላይ ድንጋይ ላይ ወጥተናል፤ ደሙ አልቆመም። የት ደርሰሃል?»

አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነበር። እውነቱን ቢናገር ሰላህ ይሰማል። አፉ ደግሞ ከተማ ውስጥ የለመደውን አደረገ። አልጋ ላይ ሆኖ «መንገድ ላይ ነኝ»፣ ታክሲ ሳይዝ «በር ላይ ነኝ» እንደሚለው፤ ሁላችንም እንደምንለው።

«ደርሻለሁ፣ እት አገርነሽ! ደርሻለሁ!»

«ተመስገን! ሰላህ፣ ሕዝቅኤል ደርሷል፤ እሱ ወደ ዳር ያወጣናል። አንተ ስልክ ወደሚይዝበት ሂድና አምቡላንስ ከሐሙሲት ጥራ።»

የሞተሩ ድምፅ እየራቀ ሄደ። ሕዝቅኤል ሰማው፤ ቁልፉን ግን አልተጫነም።

ከአጠገቡ እምቦጩ ተነፋ። አንድ የጉማሬ ራስ ብቅ አለ፤ ሰፊ፣ እርጥብ፣ ሁለት ትናንሽ ጆሮዎቹን እያራገበ። ትንፋሹ ፊቱን ረጨው። ሕዝቅኤል ትንፋሹን ዋጠ። አውሬው አየው፣ ናቀው፣ ተመልሶ ሰጠመ።

«የታለህ? አላይህም» አለች አገርነሽ።

«ትንሽ ነው የቀረኝ።»

ሦስተኛ ጊዜ የተጣሩት ጋሽ ገድሉ ነበሩ፤ ድምፃቸው ደክሟል። «ልጄ፣ ለእኔ ብለህ አትቻኮል። ነፋሱ እንዳይጥልህ። እጠብቅሃለሁ።» አቃሰቱ። «ጨረስሁ።»

ያቺ ቃል፣ ራሱ ያስተማራት ቃል፣ የስንብት መሰለችው። ቁልፉን ተጫነ።

«አልደረስሁም። ዋሽቻችኋለሁ። እምቦጭ ይዞኛል፤ የት እንዳለሁም አላውቅም። ሰላህ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ከሰማኸኝ ተመለስ!»

ሬዲዮው ሻሻ አለ። ፊቱ እንደ እሳት ነደደ።

«ሰምቼሃለሁ» አለ ሰላህ በመጨረሻ። ቀልድ አልነበረበትም። «ዞሬያለሁ።»

«የምታየውን ንገረኝ» አለች አገርነሽ። ድምፅዋ ቀዝቅዟል። «የምታየውን ብቻ።»

«አንድ የደረቀ ዛፍ። ላዩ ላይ ጥቋቁር ወፎች።»

«ከእኛ በስተሰሜን ነህ። ዛፉን በጀርባህ አድርግና ና።»

ውኃው ውስጥ ዘለለ። እስከ አንገቱ እየተነከረ፣ ጭቃው እየያዘው፣ ታንኳውን በምንጣፉ ላይ እየጎተተ ወጣ። ግልጹን ውኃ ሲያገኝ ሰላህ ከወዲያ ማዶ ሞተሩን አጥፍቶ በቀስታ እየቀዘፈ ይመጣ ነበር። ግን በድንጋዩና በጀልባው መካከል እነ አገርነሽን የገለበጠው ጉማሬ ቆሟል።

ሕዝቅኤል አላሰበም። ታንኳው ላይ ቆሞ ውኃውን በመቅዘፊያ ይደበድብ፣ ይጮህ ጀመር። ጉማሬው ዞረ፣ ውኃውን እየሰነጠቀ ወደ እሱ መጣ። ሕዝቅኤል ዘለለ። ከኋላው የደንገል ታንኳው እንደ ገለባ ሲሰባበር ሰማ። ዋኘ፣ ውኃ ጠጣ፣ እንደገና ዋኘ። ሰላህ ሁለቱን ከድንጋዩ ጭኖ ደርሶ በክንዱ ሳበው።

ጀልባው ውስጥ የጋሽ ገድሉ ራስ ሕዝቅኤል ጭን ላይ ነበር። ሰላህ እስከ ዳር ድረስ አንዲት ቀልድ አልወረወረም። ሕዝቅኤል ሰላህ ቢሰድበው በወደደ ነበር።

«ልጄ፣ ስንት ጉማሬ ቆጠርህ?» አሉ ሽማግሌው ዐይናቸውን ሳይገልጡ።

«ሰባት፣ ጋሼ።»

«ስምንት በል። የእኔን ረሳኸው።»

ዝቅ ብሎ ፊታቸውን ሊያይ አልቻለም።

ጋሽ ገድሉ ተርፈዋል፤ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ። ቆጠራው ሊቀጥል ሲል አገርነሽ ሬዲዮውን መልሳ ለሕዝቅኤል ሰጠችው። በመውጫው ጠዋት ጋሽ ገድሉ ከወደቡ በሬዲዮ ተጣሩ፦ «ሕዝቅኤል፣ የት ደርሰሃል?»

ሁሉም ያዳምጥ ነበር።

«ገና ቤት ነኝ፣ ጋሼ። ጫማዬን እያሰርሁ ነው። ጨረስሁ።»

ሰላህ ሊቀልድ ቁልፉን ተጫነ፤ ከዚያ ለቀቀው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ የሚጠብቃችሁ ሰው የት ናችሁ ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ ያን ድንጋይ አስቡልኝ። አደራ።