ተጠቃሚ ቁጥር ሰባት

ማመልከቻው የሚዘጋው ልክ በስድስት ሰዓት ነበር። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ብሎን በሩን ሳያንኳኳ ገባ። በእጁ ከማተሚያው ያነሳው፣ ገና ሙቀቱ ያልለቀቀው ወረቀት ነበር። ቀለሜዋ ፊቱን ስታይ ክው አለች።

ብሎን የአካል ጉዳተኞች ማኅበሩ የተሽከርካሪ ወንበር ጠጋኝ ነው። ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው፤ አንዴ አፉ ከጠበቀ በመፍቻም አይፈታምና። እሷ ደግሞ ለለጋሾች ማመልከቻ የምትጽፍ፣ የማኅበሩ ብቸኛ ጸሐፊ። ቀለሜዋ ያላት እሱ ነው። ከዓመት በፊት ዝናብ ሸሽታ ወርክሾፑ ደጃፍ ላይ ቆማ ሳለ፣ «እስቲ እህቴ፣ ይቺን ጎማ ያዥልኝ» አላት። ያዘችለት። ዝናቡ አባራ፤ እሷ ግን አልሄደችም። በሳምንቱ ሥራ ጠይቃ እዚያው ተቀጠረች። እንግዲህ ፍቅር ሲያመጣው እንዲህ ነው፤ ጎማ አስይዞ ያስቀራል!

«ይሄ እኔ ነኝ?» አላት ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ እያኖረ።

«ስምህን እኮ አልጻፍኩም…»

«አዎ፣ ‹ተጠቃሚ ቁጥር ሰባት› ነው ያልሽኝ።» አነበበ። «‹አባቱ ለሐኪሙ፣ እግሩን ከምትቆርጡት ምነው በሞተልኝ አለው።›» ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋው። «ይሄን የነገርኩት ለማን ነው?»

«ለእኔ።»

«ላንቺ ብቻ! ተኝቷል ብለው ሲነጋገሩ የሰማሁትን። አባቴ እንደሰማሁት እስከ ዛሬ አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ የዚህን ሰው ሠራሽ እግር ማሰሪያ በገዛ እጁ የሚሰፋልኝ ሰው ነው። ለጋሾቹ ያሸነፈውን ታሪክ በድረ ገጻቸው ያወጡታል። ሲያነበው ምን ይሁን?»

«ወርክሾፑ እንዳይዘጋ ብዬ ነው። ሁለት ጊዜ ወድቀናል። አሁን ከወደቅን…»

«ተጠቃሚ ትይኛለሽ እንዴ? ተጠቃሚስ አንቺ! ተጠቀምሽብኝ።»

ወጣ። በሩን እንኳ አልወረወረውም፤ ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

ወዲያው ሊቀመንበሯ እትዬ ብቅ አሉ። «ላክሽው?»

«የብሎንን ታሪክ ከውስጡ ልሰርዘው ነው፣ እትዬ።»

«አብደሻል? በዚህ ሰዓት! እንባ የሌለበትን ማመልከቻ ማን ዞር ብሎ ያየዋል፣ ልጄ?»

«እንባው የሱ ነው። የኔ ያልሆነውን አልሰጥም።»

«እንግዲያው ከወደቅን ከወንበሮቹ ቀድመሽ የምትወጪው አንቺ ነሽ።»

«እወጣለሁ።»

ታሪኩን አጠፋችው። ገጹ ግማሹ ባዶ ሆኖ አፈጠጠባት። ደብተሯን ይዛ ወደ ወርክሾፑ ሄደች። ብሎን አንድ ወንበር ሥር ተቀምጦ ፍሬን ያጠብቃል፤ ቀና ብሎም አላያት።

«አንድ ወንበር ለመጠገን ስንት ሰዓት ይፈጅብሃል?»

ፍሬኑን ማጥበቁን ቀጠለ።

«አጥፍቼዋለሁ። ባዶውን የምሞላበት ነገር ስጠኝ፣ እባክህ።»

እጁ ቆመ። «ከረቂቁም?»

«ከረቂቁም፣ ከኮምፒውተሩም።»

«ሦስት ሰዓት» አለ ወደ ሥራው ተመልሶ። «ፍሬን ብቻ ከሆነ አርባ ደቂቃ።»

«ባለፈው ዓመት ስንት ጠገንክ?»

«ሁለት መቶ አሥራ አራት። ዘጠኙ ተመልሰው ተበላሽተዋል፤ ዘጠኙንም ከነባለቤቶቻቸው አውቃቸዋለሁ።»

«ድጋፉ ቢገኝ ምን ይለወጣል?»

«ሁለት ሰው አሠለጥናለሁ፤ ስድስት ወር ይበቃቸዋል። አሁን አንድ ሰው ወንበሩን ለማሠራት አራት ወር ወረፋ ይጠብቃል። አራት ወር ሙሉ ከቤት አይወጣም ማለት ነው። ያኔ ሦስት ሳምንት ይሆናል።»

እጇ እስኪዝል ጻፈች። ለጋሽ የሚጠይቀው ይሄንኑ ነበር፤ ችግሩ ምንድን ነው፣ ምን ትሠራላችሁ፣ በስንት ጊዜ፣ መሳካቱስ በምን ይታወቃል። መልሱ ከግድግዳው ማዶ ተቀምጦ እሷ የሰው ቁስል ስትቆፍር ከርማለች። አፈረች።

ለስድስት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ተላከ። እትዬ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ፤ ብሎን ግን ለማየትም አልመጣ።

ከዚያ በኋላ አምስት ሳምንት ሙሉ ከእሱ ያገኘችው «ደህና አደርሽ» እና «ደህና እደሪ» ብቻ ነው። እሱም ሰው ሲኖር! ቅዳሜ አባትየው መርፌና ክራቸውን ይዘው ሲመጡ «እንደምን ነሽ፣ ልጄ» አሏት። ዓይናቸውን ማየት አቃታት። አንገቷን ደፍታ «ደህና ነኝ፣ አባባ» ስትል፣ ብሎን ከወንበሮቹ መሃል ቆሞ ያያት ነበር። የዚያን ቀን ቤቷ ገብታ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

በስድስተኛው ሳምንት መልሱ መጣ። እትዬ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ሦስተኛውን መጨረስ አቅቷቸው «አለፍን!» ብለው ጮኹ። ቀለሜዋ ወደ ወርክሾፑ ሮጠች፤ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች።

«ሰማህ?»

«የእትዬን ጩኸት ያልሰማ ማን አለ?»

«ሦስት ዓመት ጠይቀን የሰጡን አንድ ዓመት ነው።»

«አንድ ዓመት ብዙ ነው። ሰዎቹን አሠለጥናለሁ።»

ደስታው መሃላቸው ቆሞ መግቢያ አጣ። አላስቻላትም።

«ይቅር ብለኸኛል?»

ብሎን ከተቀመጠበት ተነሳ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ አልተቸኮለም።

«ዛሬ አልልሽም።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ነገስ?»

«ነገም ነይና ጠይቂኝ። ከነገ ወዲያም።»

«እስከ መቼ?»

ከዚያች ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኗን አያት።

«እስክናረጅ» አላት።