ደመወዝ የሌለው ወር

አስናቀ ከሞተ ወዲህ ቁጠባው ጨምሯል። ተረት እንዳይመስላችሁ፤ ደረሰኙን የቆረጠችው ዮሀና ራሷ ናት።

ዮሀና ቦንጋ ውስጥ በአንዲት ትንሽ የቁጠባ ማኅበር ገንዘብ ተቀባይ ነች። አስናቀ ደግሞ መምህር ነበር። ደመወዝ በወጣ ማግስት፣ ልክ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ ከመስኮቷ ፊት ለፊት ባለችው የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል፤ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብሩን አስገብቶ ይሄዳል። ሁለት ዓመት ሙሉ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። ዓይኑ ግን መጥቶ ያርፍባትና ቀና ስትል ይሸሻል። መስከረም በገባ በሳምንቱ፣ ጅማ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ሞተ ሲሏት አለቀሰች። ለማታውቀው ሰው ይህን ያህል ማዘኗ ራሷንም ገረማት።

በዚያው ወር መጨረሻ፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ከሒሳቧ ቀና ብትል አስናቀ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

ክው አለች። የያዘችው ብር ከእጇ ተበተነ። ሰውየው ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሲጠጋ ነው ግንባሩም አገጩም የአስናቀ የሆነ፣ በዕድሜ ግን ለጋ የሆነ ሌላ ሰው መሆኑን ያየችው።

«አስደነገጥኩሽ መሰለኝ፤ ይቅርታ። ወንድሙ ነኝ፣ ሰብሃት እባላለሁ» አለና የአስናቀን የቁጠባ ደብተር አቀበላት። «ይህን በእሱ ስም አስገቢልኝ።»

«እሱ እኮ... ነፍሱን ይማረውና...»

«አውቃለሁ። የቀበርኩት እኔ ነኝ። ማስገባት ክልክል ነው?»

ማስገባት ለማንም ይፈቀዳል፤ የሚከብደው ማውጣት ነው። ዮሀና ቅጹን ሰጠችው። ሞልቶ ሲመልስላት ፊርማው የአስናቀ ነበር፤ ከመጨረሻው ፊደል ወደ ታች የሚጎተተው ጭራ እንኳ አልቀረም። ቤት ገብታ ለአክስቷ ለእትዬ የወርቅውሃ ስትነግራት፣ አክስቷ ሱቋ በር ላይ ቆማ አማተበች።

ሰብሃት ባጃጅ ነጂ ነው። በየወሩ በዚያችው ቀን፣ በዚያችው ሰዓት መጥቶ በዚያችው ወንበር ይቀመጣል። ጥቅምት ላይ ዝም ብሎ ሄደ። ኅዳር ላይ «እንዴት አደርሽ?» አላት። ጥር ላይ በስሟ ጠርቶ ሻይ ጋበዛት።

ሻይ ቤቱ ውስጥ ስኳር ስታቀርብለት እጁን በብርጭቆው ላይ ከደነ።

«ስኳር አትወድም?»

«እወዳለሁ» አለ እጁን ሳያነሣ።

ዮሀና ሳቀች። እሱ ግን የሆነ ነገር እንደወጋው ሁሉ ፊቱን አዞረ። ምን ብዬ አስቀየምኩት ብላ ስታስብ አመሸች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ተላመዱ። ደግሞም ሰብሃት ሲያዩት ጨዋ ነው! ይቆጥባል፣ ጠዋት ጠዋት ይሮጣል፣ በየወሩ አዲስ መጽሐፍ ይይዛል። ማንበብ እንደማይወድ ግን ያስታውቃል፤ ባጃጁ ውስጥ ቁጭ ብሎ ገጹን እንደ ኪኒን ነው የሚውጠው። «ካልወደድከው ማን አስገደደህ?» ስትለው ትከሻውን ይነቀንቃል። እትዬ የወርቅውሃ ደግሞ በበኩሏ መርቃ አትጠግብም፤ «ሱስ የለበት፣ ወላዋይ አይደል፣ እንዲህ ያለ ልጅ ዛሬ ከየት ይገኛል?» ትላለች። ዮሀና ወዳዋለች፤ ምኑን ልደብቃችሁ፣ ደመወዝ የሚወጣበትን ቀን እንደ እሷ በናፍቆት የጠበቀ ሠራተኛ ቦንጋ ውስጥ አልነበረም።

መጋቢት ላይ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ወደ ማንኪራ ጫካ ወሰዳት። ከጫካው ቡና ሥር ለሥር በቀጭኑ መንገድ ተጉዘው፣ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ዛፍ ሥር ቆሙ። ላይ ቅርንጫፉ ላይ ስምንት ቀፎ ተሰቅሏል።

«አራቱ የአስናቀ ነው፣ አራቱ የእኔ። ባንድ ቀን ነው የሰቀልናቸው» አላት። «የእሱ አራቱም ንብ ገብቶላቸዋል። የእኔን ገብቶ ያየም የለ።»

«ንብ ባለቤት ይመርጣል እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለና ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ። ከመውጣቱ በፊት መዳፉን ግንዱ ላይ አሳርፎ በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ አንድ ነገር አለ። ዮሀና ካፊኖኖ የምትሰማው ለገበያ ያህል ነው፤ ይህን ግን አልሳተችውም። «አስናቀ ነኝ፤ መጣሁ» ነበር ያለው።

ወጥቶ እስኪወርድ አንገቷን አቅንታ ቆመች፤ ስሙን ለመጥራት እንኳ ፈራች፣ የትኛውን ስም ትጥራ?

ሲመለሱ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ነበሩ። ድንገት ከኋላዋ አንድ ድምፅ «ዮሀና» አለ። ጮክ ብሎ አይደለም፤ መስኮት ላይ ቆሞ ተራው የደረሰ ሰው ቀስ ብሎ እንደሚለው ነው። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ዞሩ። መንገዱ ላይ ማንም የለም፤ የቡናው ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም።

«ሰማህ?»

«አልሰማሁም» አለና እጇን ይዞ እርምጃውን አፈጠነ። ያልሰማ ሰው ምን ሊያይ እንደዞረ እንግዲህ እናንተው ፍረዱ።

ሰኔ ላይ፣ ዝናብ የባጃጁን ሸራ እየደበደበ፣ «እወድሻለሁ» አላት። ቃሉን ሲለው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ዮሀና ከደስታዋ ብዛት ለምን እንደጨፈነ አልጠየቀችም። ሐምሌ ላይ ሽማግሌ ላከ፤ እትዬ የወርቅውሃም ሁለተኛ ቀጠሮ ሳትሰጣቸው እሺ አለች።

ነገሩ የወጣው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ሰብሃት እንደ ልማዱ አራት ሰዓት ላይ መጣ፤ ውጪ ተሳፋሪ ይጮህበት ስለነበር ብሩንና ደብተሩን በመስኮቱ ወርውሮላት «ምሳ ሰዓት እመለሳለሁ» ብሎ ሮጠ። ከቁጠባ ደብተሩ ጋር ተጣብቆ አንድ ጥቁር ሽፋን ያለው አጀንዳ መጥቷል። ዮሀና የእሱ መስሏት ፈገግ ብላ ገለጠችው።

ጽሑፉ የእሱ አልነበረም። ያን ወደ ታች የሚጎተት ጭራ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቅጹ ላይ አይታዋለች።

ለያንዳንዱ ወር አንድ ገጽ ተሰጥቶታል። በያንዳንዱ ገጽ ቁጠባ፣ የጎን ገቢ፣ ራስን ማሻሻል የሚል ርእስ አለ። መስከረም ላይ ስኳር መተው ይላል። ጥቅምት ላይ በወር አንድ መጽሐፍ መጀመር። ኅዳር ላይ ጠዋት መሮጥ፤ ገንዘብ ተቀባይዋን እንዴት አደርሽ ማለት። ገጹን ገለጠች። ጥር፤ ስሟን መጥራት፣ ሻይ መጋበዝ። መጋቢት፤ የጎን ገቢ፣ የማንኪራን ቀፎዎች ማየት። ራስን ማሻሻል፣ አለመፍራት፤ ዮሀናን ይዞ መሄድ። ሰኔ፤ እወድሻለሁ ማለት። ሐምሌ፤ ሽማግሌ። ነሐሴ፤ ቀለበት።

ከነሐሴ በቀር በሁሉም ጎን በሌላ እስክሪብቶ የራይት ምልክት ተደርጓል።

ያን ቀን ስንት ሰው እንዳስተናገደች አታስታውስም። ምሳ ሰዓት ላይ ባጃጁ ውስጥ ገብታ አጀንዳውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ሰብሃት ሲያየው እጁ መሪው ላይ ደረቀ።

«መቼ ነው የጻፈው?»

«አምና፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ። ለአዲሱ ዓመት ብሎ።»

«እኔን ሻይ የጋበዘኝ ማን ነው?»

ሰብሃት የባጃጁን ሞተር አጠፋ።

«እወድሻለሁ ያለኝስ? ዓመቱን ሙሉ ከማን ጋር ነው የከረምኩት፣ ሰብሃት? ከስኳር መተውና ከጠዋት ሩጫ ጋር ተደርድሬ!»

«እስከ አርባው ብቻ ብዬ ነበር የጀመርኩት» አለ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «በየወሩ መጨረሻ ቁጭ ብለን እንነጋገር ነበር። እሱ ይህን ቆጠብኩ፣ ይህን አተረፍኩ፣ ይህን ተውኩ ይለኛል። እኔ ምንም። ሁልጊዜ ምንም! ይስቅብኝና ግድ የለም፣ ለሚመጣው ወር ይለኛል። ከቀበርነው በኋላ አጀንዳውን ገልጬ የመስከረሙን ሠራሁለት። ከዚያ የጥቅምቱን። የሠራሁለት ቀን ያለ ይመስለኛል፣ ዮሀና። ካቆምኩ ያኔ ነው የሚሞትብኝ።»

አንጀቷን በላው። እጁን ልትይዘው ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው።

«አዝኜልሃለሁ፤ ከልቤ። ግን እኔ የማንም ተዝካር አይደለሁም።» አጀንዳውን ከነሐሴ ወዲያ ገለጠች። ባዶ ገጽ ነው። «ጳጉሜ የታለች?»

«ደመወዝ የለውማ። ደሞዝተኛ ጳጉሜን ምን ብሎ ያቅዳል?»

«እንግዲያው እነዚያ አምስት ቀኖች የእሱ አይደሉም። የምትፈልገኝ አንተ ከሆንክ በእነሱ ውስጥ ና። ካልመጣህ ከመስከረም አንድ ጀምሮ እንዳላይህ፤ ሽማግሌዎቹን እኔው ራሴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።» አጀንዳውን ይዛ ወረደች።

ጳጉሜ አንድ ዘነበ፤ ሰብሃት አልመጣም። ሁለትም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን፣ በሩፋኤል፣ ሰፈሩ ሁሉ ዝናቡ ውስጥ ገብቶ ሲንጫጫ ዮሀና መስኮት ላይ ተደግፋ ዋለች። «ምን ሆነሽ ነው?» ብትላት አክስቷ፣ «ጉንፋን ነው» አለች። ወይ ጉንፋን!

በአራተኛው ቀን ማኅበሩ በሰው ተጨናነቀ። ለአውደ ዓመት በግና ዶሮ የሚገዛ ሁሉ ገንዘቡን ሊያወጣ መጥቷል። አራት ሰዓት ላይ ዮሀና ቀና አለች። ሰው እርስ በርሱ ተጣብቆ ቆሟል፤ ያቺ የእንጨት ወንበር ግን ባዶዋን ናት። አጠገቧ አንዲት እርጉዝ ሴት ወገቧን ይዛ ቆማለች።

«እህቴ፣ አረፍ በይ እንጂ፣ ወንበር አለ» አለቻት በመስኮቱ።

ሴትዮዋ ወንበሯን አየች፣ ዮሀናንም አየች፣ ግራ ገባት። «ውይ! ሰው ያለበት መስሎኝ እኮ ነው» አለችና ቆማ ቀረች።

ዮሀና ማኅተሙን አስቀመጠች። ማንም እንዳይሰማት ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች፣ «አስናቀ፣ እባክህ ልቀቀው» አለች። ይህን ያህል ሰው መሀል ብርድ ያዛት።

አምስተኛው ቀን መሸት ሲል እትዬ የወርቅውሃ ሱቁን ዘጋግታ ጓዳ ገባች። ዮሀና ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ ለሽማግሌዎቹ ምን እንደምትላቸው በልቧ ታሰላስላለች። ያኔ ነው ጭቃውን እየረገጡ የሚመጡ ሰዎች ኮቴ የሰማችው። የሁለት ሰው ኮቴ ነው፤ አንዱ ሲፈጥን ሌላው ይከተለዋል፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ሁለቱም ቆሙ።

ከፈተች። ሰብሃት ብቻውን ቆሟል፤ ዝናቡ አበስብሶታል።

«ከማን ጋር መጣህ?»

«ብቻዬን ነኝ። ባጃጁንም ትቼ በእግሬ ነው የመጣሁት። ቀለበትም አልያዝኩም።» እንደ ሰኔው ዓይኑን አልጨፈነም፤ ትክ ብሎ አያት። «ወንድሜ ላይ ቀናሁ፣ ዮሀና። ያን ቀን ሻይ ቤት ስትስቂ ይህ ሳቅ ለእኔ አይደለም አልኩና ተቃጠልኩ። የሞተ ሰው ላይ ይቀናል? ያውም አሳድጎኝ! ከጥር ጀምሮ ምልክት ባደረግኩ ቁጥር ስጠላው ነበር። ቀድሞ ስላየሽ ጠላሁት። ይህን ለማን እነግራለሁ?»

ዮሀና አንድ እጇን የበሩ መቃን ላይ አሳረፈች።

«ታዲያ አምስት ቀን ሙሉ ምን ስትጠብቅ ነበር?»

«ፈራሁ። ዓመቱን ሙሉ እምቢ ብትዪኝ፣ እምቢ የተባለው እሱ ነው ብዬ እጽናና ነበር። ዛሬ እምቢ ካልሽ ግን እኔን ነው።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። ዮሀና ብዙ የምትለው ነገር አዘጋጅታ ነበር፤ አምስት ቀን ሙሉ በልቧ ስትለማመደው የከረመች ናት። አንዱም አልመጣላትም። እርጥብ ኮቱን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበችው።

«እሺ ያልኩትም አንተን ነው» አለችው።

ውጪ፣ ከደጃፉ፣ የአንድ ሰው ኮቴ ተነሣ። ሳይቸኩል ጭቃውን እየረገጠ ቁልቁል ወደ ገበያው ወረደ፤ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ሰብሃት እስኪጠፋ ድረስ አዳመጠ። ከዚያ ግንባሩን ትከሻዋ ላይ ጥሎ፣ ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ለወንድሙ አለቀሰ። ዮሀናም ዝም በል አላለችውም።