የጎማው ስኒና የጌጡ ባርኔጣ

ጳጉሜ ሲገባደድ፣ ንፋስ መውጫ በጉም ታፍና ባነጋችበት ቀን፣ የመብራት መስመር ሠራተኛው ጌጡ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ካለው ምሰሶ ላይ በቀበቶው ተንጠልጥሎ ሞቶ ተገኘ። አለቃው ደምሌ ወጥቶ አወረደው። ሬሳው ሳይቀዘቅዝ የጨው ነጋዴው በሽር የፊጥኝ ታሰረ።

«ከዚህ ሰው መጋዘን የሚበነው ጨው ስኒውን አልብሶታል» አለ ደምሌ፣ ሽቦውን ከምሰሶው ለይቶ ወደሚይዘው ጎማ እየጠቆመ። «ጉም ሲያረጥበው ኤሌክትሪኩ በጨው ላይ ተሳበና ልጁን በላው። አሻጥር ነው!»

የቀበሌው ሊቀመንበር ለማጣራት ጊዜ አልነበረውም፤ ለመፈክር ብቻ ነበረው። በሽርን በማግሥቱ ወደ ደብረ ታቦር ሊልከው ቆረጠ። በአሻጥር ተከሶ የተላከ ደግሞ አይመለስም።

መርማሪው ሃምሳ አለቃ ቀለመ ወርቅ ትናንት የመጡ ባለወረቀቶች በማዕረግ የዘለሉት ሰው ነው። ዓይኑን ግን ማንም አልዘለለውም። ስኒውን አስወርዶ ገለበጠው።

«የማታው ዝናብ እንዴት ነበር?» አለው በሽርን።

«ኧረ ተወኝ ሃምሳ አለቃ! እንኳን ምሰሶ ላይ ያለ፣ መጋዘን ውስጥ ያለው ጨዌም ሟሟ።»

የሟቹ ሚስት ውባለም ባርኔጣ ታቅፋ ተቀምጣለች። «ደምሌ ነው ያመጣልኝ። ከምሰሶው ሥር ወድቆ አገኘሁት አለኝ።»

ቀለመ ወርቅ ባርኔጣውን አገላብጦ አየ። «ጌጡ ለምን ወጣ?»

«ስኒውን አውርዶ ለሊቀመንበሩ ሊያሳይ። ‹መብራት የሚያጠፋው የበሽር ጨው አይደለም። ጎማው አርጅቶ ውሃ ማንሸራተት ትቷል፣ ጥላሸት ተጋግሮበታል፤ ደምሌ አጥቤዋለሁ እያለ አንድ ቀን አላጠበውም› ይል ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰቡ።

«ከላይ የጨው ፍሬ አለ» አለ ቀለመ ወርቅ ስኒውን አንስቶ። «ከሥሩ የወፍጮ ጥላሸት ብቻ። ነፋስ ያመጣው ጨው ቢሆን ከሥሩም በገባ፣ የላዩንም ዝናብ ባጠበው። ዝናቡ ካባራ ወዲህ፣ እኔ እስካስወርደው ድረስ የወጣችሁት ጌጡና አንተ ናችሁ፣ ደምሌ።»

«እሱ ነስንሶት ቢሆንስ?»

«የበሽርን ንጽህና ሊያሳይ የወጣ ሰው? የነሰነስከው አንተ ነህ፣ ሬሳውን ልታወርድ ስትወጣ። ኤሌክትሪክ በጎማ ላይ ሲሳብ ያቃጥላል። እዚህ ያሉት ቃጠሎዎች አሮጌ ናቸው፣ ጥላሸት ሸፍኗቸዋል፤ የዛሬ የለም። ስለዚህ ጌጡ የሞተው በስኒው አይደለም። መስመሩን አጥፍቶ ወጣ፤ ሰው አበራበት።»

«መርማሪ ነህ ጠንቋይ?»

«የእናንተን ልማድ የማውቅ ሰው ነኝ። መስመር አጥፍቶ የሚወጣ ባርኔጣውን መስመሩን በሚያበራውና በሚያጠፋው ማቋረጫ እጀታ ላይ ይሰቅላል፤ ከራሱ በቀር ማንም አያነሳውም፣ ሳይነሳም መስመሩ አይበራም። ምሰሶው ሥር ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ባርኔጣውን ግን እዩት፤ አንድ ነጥብ ጭቃ የለበትም። ከእጀታው ላይ ነው ያነሳኸው።»

ደምሌ ባርኔጣውን አየ፤ ቀና ማለት አቃተው። «አጋልጥሃለሁ አለኝ» አለ። «በአሻጥር የምሄደው እኔ ነበርኩ።»

የበሽርን እጅ ያሰረው ገመድ ተፈትቶ ደምሌ ላይ ታሰረ።

ውባለም ወጥታ ባርኔጣውን እጀታው ላይ መልሳ ሰቀለችው። የመስከረም ሁለት በዓል መጣ፤ ሊቀመንበሩ መብራት እንዲበራ አዘዘ፣ ጮኸ። ባርኔጣውን የሚያነሳ ሰው ጠፋ። ንፋስ መውጫ አብዮቱን በጨለማ አከበረች።