ልጄን አትክፈቱብኝ

አለማመን መብታችሁ ነው... ግን ይህ በታላቅ እህቴ ላይ የደረሰ እውነት ነው። ስታወራው እስከ ዛሬ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። በፍርሃት ብቻ አይደለም... በንዴትም።

ከምሳ በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። የሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ መስኮት የሌላት ክፍል።

ሥራዋ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች የአንጎል ሞገድ ቅጂ ኮምፒውተር ላይ ማሰባሰብ ነበር... ለምርምር። ስማቸው ይሰረዛል፣ ቁጥር ይሰጣቸዋል።

የአንዲት ታዳጊን ቅጂ ከፍታ አየችና ዘጋችው።

በሩ ተበረገደ።

አንዲት እናት። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«አሁን ዘጋሽው አይደል?»

«ምኑን፣ እናቴ?»

«ልጄን። ስትከፍቻት እዚህ ኮሪደር ላይ ወደቀች... ስትዘጊያት ተነሳች። ቀጠሮ መጥተን፣ እጄን ይዛ እዚህ በር ድረስ ያመጣችኝ እሷ ናት።»

እህቴ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር... ሴትዮዋ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«መድኃኒቱ ይዞላት ነበር። አሁን በየቀኑ ትወድቃለች። አሁን ኮሪደሩ ላይ ስትነቃ ‹ሹራቧን ገልብጣ የለበሰችው ሴትዮ ከፈተችኝ› አለችኝ።»

እህቴ ጎንበስ ብላ ሹራቧን አየች...

ተገልብጧል።

አለቃዋን ዶክተሩን ጠራችው። ነገሩን ሰምቶ ፈገግ አለ፤ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ።

«ዶክተር፣ እባክዎ አይክፈቱት...» አለችው እህቴ።

ከፈተው።

ኮሪደሩ ላይ የሆነ ነገር ዷ ብሎ ወደቀ።

እናትየዋ እየጮኸች ወጣች። እህቴ እጁን ገፍትራ ዘጋችው። ውጭ ያለው መንፈራገጥ ወዲያው ቆመ።

«አጋጣሚ ነው» አለ፣ ክራቫቱን እያስተካከለ።

«ይሰርዙት።»

«ተሰርዞ ምን ሊሆን? ጠዋት ለጠየቁን ተመራማሪዎች ሁሉ ልከነዋል... በየአገሩ።»

«እናትየዋን አስፈቅደዋል?»

«የልጅቷን ስም ሰርዘን የለ? ሌላ ምን ይፈለጋል?»

አንቱታው ከአፏ የጠፋው ያኔ ነው።

«አንተ ሰው አይደለህም» አለችው። መታወቂያዋን ከአንገቷ በጥሳ ፊቱ ላይ ወረወረችው።

ወጣች። ልጅቷ እናቷ ጭን ላይ ተጋድማለች። ዓይኗ ተከድኗል። አትንፈራገጥም።

«አይዞሽ... ዘግቼዋለሁ» አለች እህቴ በሹክሹክታ።

እናትየዋ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«ስሚያት...»

ጆሮዋን አስጠጋች።

ልጅቷ ሁለቱም በማያውቁት የባዕድ አገር ቋንቋ እያወራች ነው። ረጋ ብላ... መሐል ላይ ዝም እያለች... የሚጠይቃት ሰው ያለ ይመስል።

ከዚያ፣ ፊቷ ላይ አንድ ሰው ያጎነበሰባት ይመስል... በሁለት እጇ አየሩን መግፋት ጀመረች።