ያልታመሙት ሃያ አራት

«ሃያ አንድ!» አለች ቃሪያ፣ ደብተሯን በመዳፏ መታ አድርጋ። «ከሃያ አራት በሽተኛ ሃያ አንዱ የእሷን ቺፕስ በልቷል። አለቀላት!»

ጓደኛዋ ፌንጣ አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። «ደስ ያለሽ ትመስያለሽ» አለቻት።

«ደስ ብሎኛላ! ምን ያስዋሸኛል?»

እውነቷን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ትምህርት ቤቱ በተቅማጥና በትውከት ሲታመስ ቃሪያ የምታስበው ስለ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ስለ ባለሱቋ። ግቢው ጥግ ላይ ቺፕስና ብስኩት የምትሸጠው ይህች ሴትዮ ባለፈው ወር «ብስኩቴን ሰርቀሻል» ብላ የቃሪያን ቦርሳ በሰልፈኛው ሁሉ ፊት መሬት ላይ ዘርግፋባታለች። ደብተሩ፣ እስክሪብቶው፣ የተቀደደው ካልሲዋ ሳይቀር ተበተነ። ብስኩት የሚባል ነገር ግን የለም። ሴትዮዋ «ታዲያ በልተሽዋላ!» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ይቅርታ? ወይ ፍንክች! ከዚያን ቀን ጀምሮ ቃሪያ ስታልፍ የክፍሉ ወንዶች ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። እሷም አብራቸው ትስቃለች፤ ውስጧ ግን እርር ይላል። ቃሪያ ያሏት እንዲሁ አይደለም፣ ቂሟ ቶሎ አይበርድም።

ስለዚህ አንድ የጤና ባለሙያ መጥቶ «የታመሙት ምን እንደበሉ፣ ከየት እንደጠጡ የሚጠይቅልኝ ጎበዝ ተማሪ እፈልጋለሁ» ሲል፣ ከሁሉም ቀድማ እጇን ያወጣችው እሷ ናት።

አሁን ባለሙያው ከደብተሯ የገነጠለችውን ወረቀት ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አየው። «ጎበዝ። ግማሹን ሠርተሻል።»

«ግማሹን?»

«ያልታመሙትንስ ጠየቅሽ?»

«እነሱን ምን ብዬ ልጠይቅ? ደህና ናቸው እኮ!»

«ለዚያ ነዋ። ቺፕሱን ሁሉም ተማሪ የሚበላው ከሆነ የታመመውም በልቷል፣ ጤነኛውም በልቷል። ታዲያ በምን ለየነው? ከታመሙት ጋር አንድ ክፍል የሚማሩ ሃያ አራት ጤነኞች ፈልጊና ያንኑ ጥያቄ ጠይቂያቸው። ነገ ጠዋት ከርዕሰ መምህሩ ጋር ምን እንደሚዘጋ የምንወስነው ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አይተን ነው።»

በምሳ እረፍት እየዞረች ጠየቀች። ስትጀምር እያፏጨች ነበር። አሥረኛው ልጅ ጋ ስትደርስ ፉጨቱ ቆመ። «በልቻለሁ።» «በልቻለሁ፣ ያውም ሁለት።» «በየቀኑ ነው የምበላው፣ ምነው?» ሲያልቅ ፌንጣ ወዳለችበት አግዳሚ ተመልሳ ደመረችው። ከሃያ አራቱ ጤነኞች ሃያው ቺፕስ በልተዋል።

ደግማ ደመረች። ያው ነው። የውሃውን መልስ ስታይ ደግሞ ክው አለች። ከታመሙት ሃያ ሁለቱ የጠጡት ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ካለው ቧንቧ ነው። ከጤነኞቹ ግን ሦስቱ ብቻ።

«ቧንቧው ነዋ!» አለች ፌንጣ በትከሻዋ በኩል እያነበበች። «ባለሱቋ የለችበትም።»

«ዝም በይ!»

ቃሪያ ሁለተኛውን ወረቀት አራት ቦታ አጥፋ የዩኒፎርሟ ኪስ ውስጥ ወሸቀችው። «ይሄኛው አልደረሰልኝም እላለሁ። የመጀመሪያው በቂ ነው። እሱ ደግሞ ውሸት የለበትም።»

«ቧንቧውስ?»

«ቆይቶ ይደረስበታል። መጀመሪያ ሱቋ ይዘጋ። ሰው ሁሉ እየጠቆመ ይያት። ምን ምን እንደሚል እሷም ትቅመሰው!»

ፌንጣ እግሯን ማወዛወዝ ተወች።

በማግስቱ ጠዋት ቃሪያና ባለሙያው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሲገቡ ባለሱቋ ተጠርታ ግድግዳው ሥር ተቀምጣለች፤ ሽርጧን እንኳ አልፈታችም። ርዕሰ መምህሩ ዓይኑ ቀልቷል። «ወላጆች እየደወሉ ጆሮዬን አደነቆሩኝ። ሱቁን እንዝጋውና እንገላገል» አለ።

«ሁለተኛውስ ወረቀት?» ባለሙያው ወደ ቃሪያ ዞረ።

«አልደረሰልኝም።»

ባለሱቋ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «የዚችን ወረቀት ነው የምታምኑት? ሌባ እኮ ናት!»

የቃሪያ ደም ፈላ። እንደገና! ያውም በእነሱ ፊት! ድሮስ ከእሷ ምን ይጠበቃል? ይዘጋባት፣ እሰይ፣ የእጇን ታግኝ! ዝም ማለት ብቻ ይበቃል። ርዕሰ መምህሩ እስክሪብቶውን አነሳ።

ደወሉ ተደወለ። በመስኮቱ በኩል የአንደኛ ክፍል ልጆች እየተገፋፉ ወደ ኋላው ቧንቧ ሲሮጡ ታዩ። አንዲት ሚጢጢ ልጅ ጎንበስ ብላ አፏን ከቧንቧው ሥር ደቀነች፤ ከኋላዋ ያለችው ተራዋ እስኪደርስ እየዘለለች ትጠብቃለች።

«ውይ፣ እነዚህ ደግሞ!» አለች ቃሪያ በሆዷ። በንዴት ልታለቅስ ምንም አልቀራትም።

እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«ዋሽቻለሁ» አለች። «ደርሶልኛል።» የታጠፈውን ወረቀት ዘርግታ ቆማ አነበበችው። «ቺፕስ የበሉ፣ ከታመሙት ሃያ አንድ፣ ከጤነኞቹ ሃያ። ከኋላው ቧንቧ የጠጡ፣ ከታመሙት ሃያ ሁለት፣ ከጤነኞቹ ሦስት።»

ባለሙያው እስክትጨርስ አልጠበቀም፤ በሩን በርግዶ ወጣ። ርዕሰ መምህሩም የውሃውን መዝጊያ ቁልፍ እየፈለገ ተከተለው። ቢሮው ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ለምንድነው የደበቅሽው?» አለች ባለሱቋ ቀስ ብላ።

«እንዲዘጋብዎት ነዋ!»

ሴትዮዋ ሽርጧን በሁለት እጇ ጨበጠች። «ታዲያ... ለምን አወጣሽው?»

«ለእርስዎ ብዬ አይደለም» አለች ቃሪያ፣ ዓይን ዓይኗን እያየች። በሩን ሳትዘጋ ሮጣ ወጣች፤ ውጭ ልጆቹ እንደ ጉድ ናቸው፣ ባለሙያው ብቻውን ከቧንቧው ሊያርቃቸው አይችልም።